«አንድ ነጥብ ሰባት»፦ ስለ ዋልታዊ ኮቫለንታዊ ትስስር ትምህርት አቀራረብ የቀረበ ሂስ

በዘጠነኛ ክፍል የኬሚስትሪ ትምህርት ውስጥ ስለ ኬሚካዊ ትስስር የሚያወሳ ምዕራፍ አለ። በዚሁ ምዕራፍ ዋልታዊ ኮቫለንታዊ ትስስርን የሚመለከተው ክፍል በብዙ መምህራን ማስታወሻ ላይ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። በዚያ ግማሽ ገጽ ላይ አንድ የቁጥር ሠንጠረዥ፣ አንድ የመቀነስ ስሌትና አንድ ደንብ ይገኛሉ። ደንቡም የሁለቱ አቶሞች የኤሌክትሮኔጋቲቪቲ ልዩነት ከ0.5 በታች ከሆነ ትስስሩ ዋልታ የለሽ ኮቫለንታዊ፣ ከ0.5 እስከ 1.7 ከሆነ ዋልታዊ ኮቫለንታዊ፣ ከ1.7 በላይ ከሆነ አዮናዊ ነው የሚል ነው። ተማሪው ሠንጠረዡን አይቶ ይቀንሳል፤ ደንቡን አይቶ ይፈርዳል። ትምህርቱም በዚሁ ያበቃል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ግማሽ ገጽ መመርመር ነው። ለምርመራው መነሻ የሆነችው ዲላ ናት። ዲላ የመምህራን ከተማ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ በ1996 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመባት ጊዜ ጀምሮ፣ ኮሌጁም በደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሥር ቆይቶ በ2006 እ.ኤ.አ. ራሱን የቻለ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ወዲህ፣ በደቡባዊው የአገራችን ክፍል ሳይንስ የሚያስተምሩ ብዙ መምህራን በእርሷ በኩል አልፈዋል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ የክፍል ሰሌዳ ላይ የሚታይ ስሕተት በዚሁ አካባቢ ብቻ ተወስኖ የሚቀር አይደለም።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ አንድ የፈተና ወረቀት ነው። በጌዴኦ ዞን በሚገኝ፣ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልግ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ ከተማሪዎች ጋር ተቀምጬ ሳለሁ መምህሩ የታረመ የክፍል ፈተና መለሱ። ከጥያቄዎቹ አንዱ በሃይድሮጅን ፍሎራይድ ውስጥ ያለው ትስስር ምን ዓይነት እንደሆነ የሚጠይቅ ነበር። በእርማቱ መሠረት ትክክለኛው መልስ «አዮናዊ» ነው፤ 4.0 ሲቀነስ 2.1 ውጤቱ 1.9፣ 1.9 ደግሞ ከ1.7 ይበልጣልና። አንዲት ተማሪ «ዋልታዊ ኮቫለንታዊ» ብላ ጽፋ ዜሮ አግኝታለች። እጇን አንሥታም «መምህር፣ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ጋዝ ነው ብለውናል። አዮናዊ ውሁዶች ደግሞ እንደ ጨው ጠጣር ናቸው ብለውናል። ታዲያ ይህ እንዴት ይሆናል?» ስትል ጠየቀች። መምህሩ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ቁጥሩ ያለው ይህንን ነው፤ ቀንሺና እዪው» አሏት።

በእኔ አስተያየት በዚያች ደቂቃ እንደ ኬሚስት ያሰበችው ተማሪዋ ናት። ነገሩን ከባሕርዩ ተነሥታ መረመረች፤ የተማረቻቸውን ሁለት እውነቶች አገናኝታ ሦስተኛው ሊገጥም እንደማይችል ተገነዘበች። ሃይድሮጅን ፍሎራይድ የሚፈላው በ19.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ፍጹም አዮናዊ የሆነው ሶዲየም ፍሎራይድ ግን ለመቅለጥ እንኳ 993 ዲግሪ ያስፈልገዋል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት አንድ የመቀነስ ስሌት ሊሰርዘው አይችልም። መምህሩን ግን አልወቅሳቸውም። እርሳቸውም የተማሩት እንዲሁ ነው፤ በእጃቸው ያለው አጋዥ መጽሐፍም ከዚያ የተለየ አይነግራቸውም። ወቀሳው ወደ ደንቡ፣ ደንቡንም ያለ ማብራሪያ ለመምህሩ ወደምናቀብለው ወደ እኛ ወደ ሥርዓተ ትምህርትና ፈተና አዘጋጆች ሊዞር ይገባል።

ለመሆኑ 4.0 የሚባለው ቁጥር ከየት የመጣ ነው? ተማሪዎችን ብንጠይቃቸው «ከሠንጠረዡ» ይሉናል። ብዙ መምህራንም ከዚህ የተለየ መልስ የላቸውም። ቁጥሩ ከሰማይ እንደ ወረደ ትእዛዝ ስለሚቀርብ የሚመረመር ነገር መሆኑ ይዘነጋል። ነገር ግን አመጣጡ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እንኳ የማይከብድ ነው። አሜሪካዊው ኬሚስት ሊነስ ፖሊንግ በ1932 እ.ኤ.አ. ይህን መለኪያ ሲያወጣ የተነሣው ከትስስር ጉልበት ነበር። ሁለት የሃይድሮጅን አቶሞችን ያስተሳሰረውን ትስስር ለመበጠስ በሞል 436 ኪሎጁል ያስፈልጋል። ለሁለት የክሎሪን አቶሞች 243 ኪሎጁል ይበቃል። ሃይድሮጅንና ክሎሪን ኤሌክትሮኖቻቸውን ፍጹም እኩል የሚጋሩ ቢሆኑ ኖሮ፣ በሃይድሮጅን ክሎራይድ ውስጥ ያለው ትስስር ጉልበት የሁለቱ አማካይ፣ ይኸውም 340 ገደማ ይሆናል ተብሎ በተጠበቀ ነበር። ሲለካ ግን 431 ሆኖ ይገኛል። ይህ የ91 ኪሎጁል ገደማ ትርፍ ከየት መጣ? ፖሊንግ መልሱን ባልተስተካከለው መጋራት ውስጥ አገኘው። የኤሌክትሮኑ ጥላ ወደ ክሎሪን ሲያዘነብል አንደኛው ጫፍ ጥቂት አሉታዊ፣ ሌላው ጥቂት አዎንታዊ ይሆናል፤ የሁለቱ ጫፎች መሳሳብም ትስስሩን ያጠነክረዋል። ትርፉ በ96.5 ተካፍሎ ስኩዌር ሩቱ ሲወሰድ 0.97 ገደማ ይሆናል። በዛሬው ሠንጠረዥ ላይ ክሎሪን 3.16፣ ሃይድሮጅን 2.20 ሲሆኑ ልዩነታቸው 0.96 ነው።

ይህን ስሌት በሰሌዳ ላይ ለመሥራት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ተማሪው ከዚህ የሚያገኘው ጥቅም ግን ከሠንጠረዡ ሁሉ የሚበልጥ ነው፤ ኤሌክትሮኔጋቲቪቲ ከመለኪያ የተገኘ፣ የአንድን አቶም ዝንባሌ በሞለኪውል ውስጥ የሚገልጽ ግምት መሆኑን ይረዳል። «በሞለኪውል ውስጥ» የሚለው ሐረግ ሊሰመርበት ይገባል። ብዙ ማስታወሻዎች ይህን ሐረግ ስለሚዘሉት ተማሪው ኤሌክትሮኔጋቲቪቲን ብቻውን የቆመ አቶም ኤሌክትሮን ሲቀበል ከሚለቀው ጉልበት ጋር ይቀላቅለዋል። ክሎሪን ብቻውን ሳለ ኤሌክትሮን ሲቀበል በሞል 349 ኪሎጁል ይለቃል፤ ፍሎሪን 328 ብቻ። በትስስር ውስጥ ግን አብልጦ የሚስበው ፍሎሪን ነው።

ሌላም ነገር አለ። መለኪያው የሚሰጠን ልዩነትን ብቻ በመሆኑ መነሻው በስምምነት የተወሰነ ነው። ቁጥሮቹም አንድ ጊዜ ተወስነው የቀሩ አይደሉም፤ ኦልሬድ በ1961 እ.ኤ.አ. ከልሷቸዋል። ሃይድሮጅን ከ2.1 ወደ 2.20፣ ኦክሲጅን ከ3.5 ወደ 3.44፣ ፍሎሪን ከ4.0 ወደ 3.98 የተሸጋገሩት በዚህ ምክንያት ነው። ሙሊከን በ1934፣ ኦልሬድና ሮኮው በ1958 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከሌላ መነሻ ተነሥተው የየራሳቸውን መለኪያ አውጥተዋል። አንዱ መምህር ከአሮጌው ሠንጠረዥ 1.9፣ ሌላው ከአዲሱ 1.78 ሲያገኝ ሁለቱም ትክክል ናቸው። እንዲህ ባለ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ የተማሪን ዕጣ የሚለይ ወሰን ማስመር ግን ትክክል አይደለም።

ወደ ወሰኑ እንምጣ። 1.7 የሚለው ቁጥር ከፖሊንግ ከራሱ ግምት የተወሰደ ነው። እርሱ ከልዩነቱ ተነሥቶ የአንድን ትስስር አዮናዊነት በመቶኛ የሚያሰላ ቀመር አውጥቶ ነበር፤ በዚያ ቀመር ልዩነቱ 1.7 ሲሆን አዮናዊነቱ 51 ከመቶ ገደማ ይወጣል። እንግዲህ 1.7 ማለት «ግማሽ በግማሽ አካባቢ» ማለት ነው። ከእርሱ በታች ያለው ሁሉ ኮቫለንታዊ፣ ከእርሱ በላይ ያለው ሁሉ አዮናዊ ነው የሚል ፍርድ በቀመሩ ውስጥ የለም። ያንን የጨመሩት ትምህርቱን ለማቅለል የፈለጉ መጻሕፍት ናቸው። በ49 እና በ51 መካከል የተሰመረ መስመር ዓይነትን ከዓይነት አይለይም።

ቀመሩ ራሱም ከመለኪያ ጋር ሲነጻጸር ግምት ብቻ ሆኖ ይገኛል። ደባይ በዳይፖል ሞመንት ላይ ያደረገው ምርምር፣ በ1936 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች አንዱ፣ የአንድን ሞለኪውል ሁለት ጫፎች ምን ያህል ሙላት እንደሚያራርቃቸው ለመለካት አስችሎናል። በሃይድሮጅን ፍሎራይድ ውስጥ አንድ ኤሌክትሮን ሙሉ በሙሉ ወደ ፍሎሪን ተላልፎ ቢሆን ኖሮ ሞመንቱ 4.4 ደባይ ገደማ በሆነ ነበር። የተለካው 1.82 ነው፤ ይኸውም 41 ከመቶ። ሃይድሮጅን ክሎራይድ ደግሞ ከሚጠበቀው 6.1 ውስጥ 1.08 ብቻ ስላለው 18 ከመቶ ገደማ ይሆናል። ተማሪዋ ዜሮ ያገኘችበት ትስስር በመለኪያ ሚዛን ከግማሽ በታች የሚመዝን ነው።

ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ለብቻው ያፈነገጠ ነው ብሎ የሚከራከር ቢኖር ቦሮን ትራይፍሎራይድን ይመልከት። የቦሮንና የፍሎሪን ልዩነት 1.94 ነው፤ በደንቡ መሠረት «አዮናዊ» ሊባል ነው። ነገር ግን በ100 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሚፈላ ጋዝ ነው። በተቃራኒው የሶዲየምና የሃይድሮጅን ልዩነት 1.27 ብቻ ሆኖ ሳለ ሶዲየም ሃይድራይድ የገበታ ጨው ዓይነት አደራደር ያለው አዮናዊ ጠጣር ነው። ደንቡ ከላይም ከታችም ይስታል። ሁለት ኢ-ብረቶች ሲገናኙ ኮቫለንታዊ፣ ብረትና ኢ-ብረት ሲገናኙ ብዙውን ጊዜ አዮናዊ የሚለው አሮጌ መመሪያ፣ ከውሁዱ መፍላትና መቅለጥ ጋር ተጣምሮ ሲቀርብ፣ ከ1.7 ይልቅ ታማኝ ሆኖ እናገኘዋለን። እርሱም የራሱ ልዩ ሁኔታዎች አሉት፤ ቢሆንም ተማሪው ዓይኑን ከነገሩ ላይ እንዲያነሣ አያስገድደውም።

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ትስስር ነው። ከዚህ የሚከፋው ግድፈት የትስስርን ዋልታዊነት ከሞለኪውል ዋልታዊነት ጋር አንድ አድርጎ ማየት ነው። በካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ የካርቦንና የኦክሲጅን ልዩነት 0.89 ስለሆነ እያንዳንዱ ትስስር ዋልታዊ ነው። ሆኖም ሦስቱ አቶሞች በቀጥታ መስመር ስለተሰለፉ የግራው መሳብ የቀኙን ያጠፋዋል፤ የሞለኪውሉ ዳይፖል ሞመንት ዜሮ ነው። ውሃ ግን በ104.5 ዲግሪ የታጠፈ በመሆኑ ሁለቱ መሳቦች ይደመራሉ፤ 1.85 ደባይ ይወጣል። የውሃን ጠባይ ሁሉ፣ እንደ ክብደቱ ቢሆን ኖሮ ጋዝ መሆን የሚገባው ነገር ፈሳሽ ሆኖ በወንዝ መውረዱን ጭምር፣ ያለዚህች መታጠፍ ማስረዳት አይቻልም። የቅርብ ዘመዱ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚፈላው በ60 ዲግሪ ከዜሮ በታች ነው። ውሃ በባሕር ወለል በ100፣ ከባሕር ወለል 1,570 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በምትገኘው በዲላ በ95 ዲግሪ ገደማ ይፈላል።

ከዚህ በላይ ተማሪን የሚያነቃ ንጽጽር የሚገኘው ግን በአሞኒያና በናይትሮጅን ትራይፍሎራይድ መካከል ነው። የናይትሮጅንና የሃይድሮጅን ልዩነት 0.84፣ የናይትሮጅንና የፍሎሪን 0.94 ነው። ሁለቱም ሞለኪውሎች አንድ ዓይነት ቅርጽ፣ ባለ ሦስት እግር በርጩማ የመሰለ ቅርጽ አላቸው። በመቀነስ ብቻ የሚፈርድ ሰው ሁለተኛው በጥቂቱ ይበልጣል ይላል። የተለካው ግን 1.47 እና 0.23 ደባይ ነው፤ አሞኒያ ከስድስት እጥፍ በላይ ይበልጣል። ምክንያቱ በናይትሮጅን ራስ ላይ ያለው ያልተጋራ የኤሌክትሮን ጥንድ ነው። በአሞኒያ ውስጥ የጥንዱ አቅጣጫና የትስስሮቹ አቅጣጫ ስለሚተባበሩ ይደመራሉ፤ በሌላኛው ፍሎሪኖቹ ወደ ታች፣ ጥንዱ ወደ ላይ ስለሚስቡ ይጣላሉ። ይህን ጥንድ በሰሌዳ ላይ ሳይስሉ ማለፍ የተለመደ ነው። እንደ ቀላል ነገር የሚታለፈው ሁለት ነጥብ መልሱን የሚወስን መሆኑን ስንቶቻችን አስተውለናል?

ለመምህራን ብቻ፣ ለፈተና ሳይሆን ለኅሊና፣ ሦስት ተጨማሪ ነገሮችን ላንሣ። ኦዞን ከኦክሲጅን በቀር ሌላ አቶም የለውም፤ ልዩነቱ ዜሮ ነው፤ ዳይፖል ሞመንቱ ግን 0.53 ደባይ ነው። ፎስፊን ውስጥ ልዩነቱ 0.01 ሲሆን ሞመንቱ 0.58 ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ልዩነቱ 0.89 ሆኖ ሳለ ሞመንቱ 0.11 ብቻ፣ ያውም አሉታዊው ጫፍ በኦክሲጅን ፈንታ በካርቦን በኩል። ስለ እነዚህ ሦስት ሞለኪውሎች የሚያውቅ መምህር ለተማሪ «ቁጥሩ ያለው ይህንን ነው» ለማለት ድፍረቱን ያጣል።

ቅርጽ ለማስተማር ውድ ዕቃ ያስፈልጋል የሚለውን አልቀበለውም። ድንችና የሸምበቆ ስንጥር ይበቃል። ትልቁ ድንች ናይትሮጅን፣ ትንንሾቹ ሃይድሮጅን፣ ባዶውን የቀረው ስንጥር ያልተጋራው ጥንድ ይሁን። አርባ ደቂቃ ሰሌዳ ከመቅዳት አሥር ደቂቃ በድንች መሥራት ይሻላል፤ ድንቹም በኋላ ይበላል።

አሁን ደግሞ የቃላትን ነገር እንመልከት። ትምህርቱ በመጽሐፍ በእንግሊዝኛ ነው። መምህሩ ሲያብራሩ ግን አማርኛ ይቀላቅላሉ፤ ብዙዎቹ ተማሪዎች በቤታቸው የሚናገሩት ጌዴኡፋ ነው። በዚህ የሦስት ቋንቋ ጉዞ ላይ የኮቫለንታዊ ትስስር ዋና ሐሳብ በአማርኛ በሁለት ግሦች ሲነገር ሰምቻለሁ፤ አንዳንዱ መምህር «ኤሌክትሮን ይካፈላሉ»፣ ሌላው «ኤሌክትሮን ይጋራሉ» ይላል። ልዩነቱ ትንሽ ይምሰል እንጂ ትንሽ አይደለም። የተካፈሉት ነገር ይለያያል፤ እያንዳንዱ ድርሻውን ይዞ ይሄዳል። በሒሳብ ክፍለ ጊዜም «ማካፈል» የሚባለው ይኸው መለያየት ነው። የተጋሩት ነገር ግን ሳይቆረጥ የሁለቱም ሆኖ ይኖራል። «ይካፈላሉ» የተባለ ተማሪ አንዱ ኤሌክትሮን ለአንዱ፣ ሌላው ለሌላው ደረሰ ብሎ ቢገነዘብ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። በአማርኛ ስናብራራ «መጋራት» የሚለውን መያዝ አለብን። የጌዴኡፋውን ቃል የመምረጡ ሥራ ቋንቋው አፋቸውን የፈቱበት የኬሚስትሪ መምህራን ድርሻ ነው፤ ሥራው እንዲጀመርም በብርቱ አሳስባለሁ።

በዚህ ላይ ገመድ ጉተታ የሚባለው ምሳሌ ይጨመራል። ሁለት አቶሞች ኤሌክትሮንን እንደ ገመድ ይጓተታሉ፤ ጉልበተኛው ያሸንፋል ይባላል። ጨዋታው አሸናፊ ያለው በመሆኑ ተማሪው በመጨረሻ ኤሌክትሮኑ የአንዱ ሆኖ ይቀራል ብሎ ያስባል፤ ይህም ከዋልታዊ ትስስር ይልቅ የአዮናዊ ትስስር ሥዕል ነው። ለጌዴኦ ልጅ የተሻለ ምሳሌ በጓሮው ቆሞለታል። በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ከላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ ቡናና እንሰት ተደራርበው የሚበቅሉበት ነው። በሁለት ጓሮዎች ድንበር ላይ አንድ ዋንዛ ወይም ብርብራ ቆሞ ቅርንጫፉ ወደ አንዱ ጓሮ ቢያዘነብል ጥላው ለሁለቱም ነው፤ ግን ለአንዱ ይበዛል። ጥላው የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ በገመድ ለክቶ የሚያሰምር የለም፤ ከጥቅጥቅ ወደ ሳሳ እያለ ይሄዳል። የኤሌክትሮን ሥርጭትም እንዲሁ ነው። ምሳሌው ጉድለት የለውም አልልም፤ ጥላ ዛፉን አያስተሳስርም፣ ኤሌክትሮን ግን አቶሞቹን ያስተሳስራል። መምህሩ ይህንን ጉድለት አብሮ ከነገረ ምሳሌው አያሳስትም።

ስለ ሙከራ ጥቂት ልበል። በብዙ መጻሕፍት የሚመከረው ሙከራ በፀጉር ላይ የታሸ የፕላስቲክ እስክሪብቶ ወደ ቀጭን የውሃ ፈሳሽ ማስጠጋት ነው። ውሃው ወደ እስክሪብቶው ይጎብጣል፤ «ውሃ ዋልታዊ ስለሆነ ነው» ተብሎ ይደመደማል። ሙከራው ያስደስታል፤ መደምደሚያው ግን አይጸናም። በ2000 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በሚታተመው የኬሚስትሪ ትምህርት መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ የውሃው መጉበጥ በዋናነት ከሞለኪውሎቹ መዞር የሚመጣ ሳይሆን በአጠገቡ ያለው ሙላት በውሃው ላይ ተቃራኒ ሙላት ስለሚያስከትል ነው። ከዚህም ሌላ በክረምት ወራት፣ አየሩ በእርጥበት በተሞላበት ጊዜ፣ የታሸው እስክሪብቶ ሙላቱን ወዲያው ስለሚያጣ ሙከራው እምቢ ይላል፤ መምህሩም በተማሪዎቹ ፊት ያፍራል። ስለዚህ ይህን ሙከራ ለማስገረሚያ እንጂ ለማስረጃ እንዳንጠቀምበት እመክራለሁ።

በምትኩ የማቀርበው ከጀበና የሚቀዳ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ በብዙ ቤት ቡና በስኳር ብቻ አይጠጣም፤ በጨው ወይም በቅቤም ይጠጣል። ሦስት ስኒ ቡና ይቀዳ፤ በአንዱ ጨው፣ በሌላው ስኳር፣ በሦስተኛው ትንሽ ቅቤ ይጨመር። ጨዉ ይሟሟል፤ አዮኖቹን የውሃ ሞለኪውሎች በየዋልታቸው ከብበው ይወስዷቸዋልና። ስኳሩም ይሟሟል፤ ነገር ግን አዮን የለውም። እያንዳንዱ የስኳር ሞለኪውል ከውሃ ጋር የሚግባቡ ስምንት የኦክሲጅንና የሃይድሮጅን ጥምሮች ስላሉት ሳይፈርስ እንዳለ ወደ ውሃው ይገባል። በ20 ዲግሪ አንድ ሊትር ውሃ 360 ግራም ገደማ ጨው ሲያሟሟ ስኳር ግን 2 ኪሎ ያህል ያሟሟል። «የሚሟሟ ሁሉ አዮናዊ ነው» የሚለው የተለመደ ስሕተት በዚህች በአንድ ስኒ ይወድቃል። ቅቤው ግን ቀልጦ ላይ ይንሳፈፋል፤ የስቡ ረጃጅም ሰንሰለቶች ልዩነታቸው 0.35 ብቻ በሆነ በካርቦንና በሃይድሮጅን ትስስር የተሠሩ ናቸው። ተማሪው ይህን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲያየው የኖረ ነው፤ በቤቱ የሚያየውንና በደብተሩ የጻፈውን 2.55 እና 2.20 የሚያገናኝለት ሰው ግን አላገኘም።

አንዳንድ የዕቅድ ባለሙያዎች «ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ጊዜው ግን አይበቃም፤ ደንቡ ቢያንስ ለፈተና ያደርሳል» እንደሚሉ አውቃለሁ። የፈተናውን ነገር አቃልዬ አላይም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 ከመቶ ያህሉ ብቻ እንደነበሩ አንባብያን ያስታውሳሉ። ግን አንድ ጥያቄ ልመልስላቸው። ያ ደንብ ለየትኛው ፈተና ያደርሳል? ስለ ቦሮን ትራይፍሎራይድ ወይም ስለ አሞኒያ ለሚጠይቅ ፈተና አያደርስም። የሚያደርሰው ደንቡን ራሱን መልሶ ለሚጠይቅ ፈተና ነው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ የምናወጣው እኛው በመሆናችን ሰበቡ ዞሮ ወደ እኛ ይመጣል። የጊዜውም ነገር ቢሆን፣ የ0.5 እና የ1.7 ወሰኖችን ማስጠናት፣ ለእነርሱም ሃያ ምሳሌ ማሠራት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ሲወስድ አይቻለሁ። ያ ክፍለ ጊዜ ለድንቹና ለጀበናው ይበቃል።

ቁጥሩ ይጥፋ አላልኩም። ልዩነቱ ሲጨምር ዋልታዊነት በጥቅሉ እንደሚጨምር፣ ከሃይድሮጅን አዮዳይድ ወደ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ስንሄድ ሞመንቱ ከ0.4 ወደ 1.8 ደባይ እንደሚያድግ ሠንጠረዡ በጥሩ ሁኔታ ያስረዳል። የመምህሩ ማስታወሻ ላይ «ነው» በሚለው ፈንታ «ወደዚህ ያዘነብላል» ቢጻፍ፣ ከወሰኑም ይልቅ ቀስት ቢሳል ይበቃኛል። ፈተና አዘጋጆችም «ትስስሩ ምን ዓይነት ነው» ብለው ከሚጠይቁ፣ «የሚከተለው ውሁድ በክፍል ሙቀት ጋዝ ነው፤ ልዩነቱ 1.94 ነው፤ የሞለኪውሉ ዳይፖል ሞመንት ዜሮ ነው፤ ቅርጹ ምን ሊሆን ይችላል?» ብለው ቢጠይቁ፣ ያችን ዓይነት ተማሪ የሚቀጣ ሳይሆን የሚያገኝ ፈተና ይኖረን ነበር።

ከክፍሉ ከወጣን በኋላ ከመምህሩ ጋር ሻይ እየጠጣን በዚህ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ተነጋገርን። የመፍላት ነጥቦቹን በወረቀት ላይ ጻፍኩላቸው። «ይህን አላየሁትም ነበር» ብለው ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ውጤቱ ወደ መዝገብ ከመግባቱ በፊት እንደሚያስተካክሉትም ነገሩኝ። በሦስተኛው ቀን ዲላን ለቅቄ ስመለስ ውጤቱ ተለጥፎ ነበር፤ በስሟ ትይዩ ያለው ቁጥር አልተለወጠም።